ከፈውስ በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ይባላል። በዚህ ሰንበት የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ በኢየሩሳሌም ቤተ ሳይዳ በተባለችው መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት ታሞ የተኛውን ሰው ታሪክ ይተርክልናል። ውኃው በተናወጠ ጊዜ አንሥቶ የሚያወርደው ወገን አልነበረውም፤ ሁልጊዜ ሌላው ይቀድመው ነበር። እርሱ ግን የምሕረቱን ስፍራ ትቶ አልሄደም። በመጨረሻም ጌታችን ራሱ ወዳለበት መጥቶ፣ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ አዘዘው፤ ያን ጊዜም ዳነ።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆመዋለን። ወንጌሉ ግን ይቀጥላል። ጌታችን ያንን ሰው በኋላ በቤተ መቅደስ አገኘውና ከፊተኛው ደዌው የከፋ እንዳይመጣበት ዳግመኛ ወደ ኃጢአት እንዳይመለስ አስጠነቀቀው (ዮሐ. 5፥14)። አበው መምህራን ደግሞ በትርጓሜያቸው ከዚህም የሚያስደነግጥ ነገር ይነግሩናል። በሊቀ ካህናቱ ፊት ጌታችንን በጥፊ የመታው ሎሌ (ዮሐ. 18፥22) ይኸው የተፈወሰው መጻጉዕ ነው ይላሉ። 38 ዓመት ከአልጋ ላይ ያልተነሣች እጅ፣ በቃሉ ኃይል ከጸናች በኋላ በፈወሳት በእርሱ ላይ ተነሣች።

ይህን ትርጓሜ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይሸበራል። 38 ዓመት ሙሉ በሕመም የታገሠ ሰው በጤናው ወራት እንዴት ይህን ያህል ወደቀ? መልሱ በራሳችን ሕይወት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። መከራ ወደ እግዚአብሔር ያስጮኸናል፤ ዕረፍት ሲመጣ ግን የምንጮህበት ምክንያት ያለቀ ይመስለናል። ስለዚህ የክርስቲያን ጽናት በሁለት ሚዛን ይመዘናል፤ አንዱ በደዌው ወራት፣ ሁለተኛው ከፈውስ በኋላ። ዛሬ ልናገር የወደድሁት ስለ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም የዛሬው የእኛ ፈተና እርሱ ነውና።

በመቐለ የኖርን ሁሉ የደዌውን ወራት እናውቀዋለን። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ባሉት ሁለት ዓመታት፣ ባንክ ተዘግቶ ስልክ ዝም ያለበትን፣ መብራት የጠፋበትን፣ የመንግሥት ሠራተኛው ያለ ደመወዝ የከረመበትን፣ የታመመ ሰው መድኃኒት ያጣበትን ጊዜ አሳልፈናል። ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በየትምህርት ቤቱ ክፍል ተጠልለው ነበር። በዚያ ወራት የቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዴት ይሞላ እንደ ነበር ያየ ሰው አይረሳውም። ሌሊቱ ሳይነጋ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በጨለማው መንገድ ወደ ኪዳን ይጎርፍ ነበር።

በዚያ ጊዜ ከማውቃቸው መካከል ተፈናቅለው በትምህርት ቤት የተጠለሉ አንዲት እናት ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድም ቀን ከኪዳን ቀርተው አላየሁም። አንድ ማለዳ ዝናብ አበስብሷቸው አገኘኋቸውና፣ “አደይ፣ ዛሬስ ባርፉ ምን ነበረበት?” አልኋቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን እየጨመቁ፣ “ልጄ፣ ቤቴንና ንብረቴን በግድ ወሰዱብኝ፤ ይህን ደግሞ በገዛ እጄ ልስጣቸው?” ሲሉ መለሱልኝ። ስለ ጽናት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ቃል ግን እምብዛም አልሰማሁም። ሰው የሚነጠቀው ብዙ ነገር አለ። እምነቱን ግን ካልጣለው በቀር የሚነጥቀው የለም።

ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ፊቱን መለሰልን፤ የተኩሱ ድምፅ ጸጥ አለ። ባንኩ ተከፈተ፤ ስልኩ ጮኸ፤ ከወላጆቻቸው ድምፅ ርቀው የነበሩ ልጆች በደስታ አለቀሱ። ሐዘኑ ገና ከብዙ ቤቶች ባይወጣም፣ ተፈናቃዩም ሁሉ ወደ ቤቱ ባይመለስም፣ ያ የመጀመሪያው እፎይታ የፈውስ ያህል ነበር። ነገር ግን ዓይኔ እያየ አንድ ነገር ሆነ። በጭንቁ ወራት ቆመንበት የነበረው ስፍራ ቀስ በቀስ መሳሳት ጀመረ። በጨለማ መንገድ የማይሳነው ወጣት፣ የመንገድ መብራት በበራለት ጊዜ ማለዳ መነሣት ከበደው። ያኔ ስለ ቁራሽ እንጀራ የጸለየ አንደበት፣ እንጀራው ሲገኝ ማመስገን ዘነጋ።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከበሮ የሚመታ አንድ ወጣት ነበር። በከበባው ወራት ለተፈናቃዮች ውኃ ሲቀዳና እህል ሲያከፋፍል የሚውል፣ ሌሊት ደግሞ በማኅሌቱ የማይታጣ ልጅ ነበር። ነዳጅ መገኘት ከጀመረ በኋላ ከዓይደር እስከ ሓወልቲ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ገንዘብም በእጁ ገባ። ከጓደኞቹ ጋር በኳስ ውርርድ ተጀመረ፤ ቆይቶም የዕለቱን ገቢ ለባጃጁ ባለቤት ሳያስረክብ በሞባይሉ የሚቆምርበት ቀን መጣ። የተበላውን ብስጭት ደግሞ በአረቄ ያበርደው ጀመር። ከመዝሙር ጥናት ቀረ፤ ቀጥሎም ከቅዳሴ ቀረ። ፈልጌ ባገኘሁት ጊዜ የነገረኝን እዚህ የምጽፈው፣ ብዙ ወጣቶች በልባቸው የሚሉትን ስለ ተናገረ ነው።

“መምህር፣ ሦስት ጊዜ ንስሐ ገብቼ ሦስት ጊዜ ተመልሼበታለሁ። ነገ እንደምወድቅ እያወቅሁ ዛሬ በካህን ፊት መቆም በእግዚአብሔር ላይ መቀለድ አይሆንብኝም? ይልቅ ጠባዬ ሲስተካከል እመጣለሁ” አለኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን ንግግር በሚገባ እንመርምረው። ላይ ላዩን ሲያዩት እግዚአብሔርን መፍራት ይመስላል። ውስጡ ግን አባቶቻችን ቀቢጸ ተስፋ የሚሉት ደዌ ነው፤ ይህም ከእግዚአብሔር ምሕረት ተስፋ መቁረጥ ማለት ነው። ጠላታችን ዲያብሎስ ሁለት ምላስ አለው። ከኃጢአት በፊት መጥቶ፣ ነገሩ ቀላል እንደ ሆነና እግዚአብሔርም መሐሪ እንደ ሆነ ይነግረናል። ከኃጢአት በኋላ ተመልሶ፣ ነገሩ እጅግ ከባድ እንደ ሆነና እግዚአብሔር ከእንግዲህ እንደማይቀበለን ይነግረናል። አስቀድሞ ስለ ምሕረቱ የሰበከን እርሱ ራሱ፣ በኋላ ምሕረቱን ይሰውርብናል። የመጀመሪያው ቃል ይጥለናል፤ ሁለተኛው ቃል ደግሞ በወደቅንበት ያስቀረናል። ከሁለቱ የሚከፋው ሁለተኛው ነው።

የጌታችን ሐዋርያት በዚያች የሐሙስ ሌሊት ይህን በግልጥ አሳይተውናል። ጴጥሮስም ወደቀ፤ ይሁዳም ወደቀ። ጴጥሮስ ጌታውን አላውቀውም ብሎ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ይሁዳ ጌታውን በ30 ብር ሸጠ። ሁለቱም ተጸጽተዋል፤ ይሁዳ ገንዘቡን እስከ መመለስ ደርሶ ነበር። ልዩነቱ ከጸጸቱ በኋላ በሄዱበት መንገድ ላይ ነው። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አልቅሶ ከወንድሞቹ ኅብረት ሳይለይ ቆየ፤ ስለዚህም ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሲፈልገው በዚያ አገኘው። ይሁዳ ግን ብቻውን ወጥቶ ወደ ገመድ ሄደ። ሁለቱን የለያቸው ተስፋ ነው።

ለዚያ ወጣት የነገርሁት ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነበር፤ የሙሴ ጸሊም። ቤተ ክርስቲያናችን በሰኔ 24 ቀን የምታስበው ይህ አባት ከእኛው ወገን፣ ከኢትዮጵያ የሆነ ነው። አስቀድሞ በግብፅ ምድር ሰው የሚፈራው የወንበዴዎች አለቃ ነበር። ኋላ ወደ አስቄጥስ ገዳም ገብቶ ንስሐ ገባ፤ መነኰሰ። እንግዲህ ከመነኰሰ በኋላ የቀድሞው ጠባዩ በአንድ ሌሊት የለቀቀው እንዳይመስለን። የዝሙት ጾር ለዓመታት ታግሎታል። አንድ ጊዜ ጦርነቱ እጅግ ቢበረታበት ወደ አባ ኤስድሮስ ዘንድ ሄዶ ወደ በዓቱ መመለስ እንዳቃተው ነገራቸው። አባ ኤስድሮስም ወደ ሰገነት አውጥተው በምዕራብ በኩል ለውጊያ የተሰለፉትን አጋንንት፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቅዱሳንን ለመርዳት የተላኩትን ቁጥር የሌላቸውን መላእክት አሳዩት፤ ከእኛ ጋር ያሉት እንደሚበዙም አስገነዘቡት። ሙሴም በርትቶ ወደ በዓቱ ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሙሴ ያደረገውን ልብ እንበል። ጠባዩ እስኪስተካከል ድረስ ከአባቱ አልተሸሸገም፤ በጦርነቱ መካከል እያለ ሄደ። ያ በሰይፍ የሚታወቅ ወንበዴ ኋላ ለቅስና በቃ። አንድ ወንድም በድሎ ማኅበሩ ሊፈርድበት በተሰበሰበ ጊዜም፣ በጀርባው የሚያፈስ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ መጣ። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት፣ የገዛ ኃጢአቱ ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። ማኅበሩም ለዚያ ወንድም ይቅር አለው። ብዙ ጊዜ የተማረ ሰው ለሌላው ምሕረት ማድረግን ይማራል።

ወጣቱ ታሪኩን ሰምቶ፣ “እርሱ ቅዱስ ነው፤ እኔ ግን ባጃጅ ነጂ ነኝ” አለኝ። ስለዚህ ወደሚያውቀው ነገር መለስሁት። መቐለ ከጥንት ጀምሮ የጨው ገበያ ናት። አሞሌው የሚቆረጠው በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የጨው ሜዳ ነው። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ ብዙው በመኪና ቢጫንም፣ አባቶቻችን ያንን ሁሉ ዳገት በግመልና በበቅሎ በበራህሌ በኩል ወጥተውታል። የቅፍለቱ መሪ የዳገቱን ርዝመት እያሰበ አይደክምም፤ የዛሬዋን ማደሪያ አስቦ ይጓዛል። በመንገድ ጭነት ቢያዘነብል ያወርደዋል፤ አስተካክሎ ደግሞ ይጭነዋል። ሦስት ጊዜ አዘነበለ ብሎ ጨውን በበረሃ ጥሎ የሚመለስ ነጋዴ አለ? “አንተስ ነፍስህን ሦስት ጊዜ አዘነበለች ብለህ በበረሃ ልትጥላት ነውን?” አልሁት። ዝም አለ። ከዚያም፣ “እሺ መምህር፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ?” አለኝ።

አብሬው ወደ ንስሐ አባቱ ሄድሁ። ምን እንደ ተናዘዘ አላውቅም፤ ልጠይቀውም አይገባኝም። እርሱ ራሱ ከነገረኝ ግን ይህን ያህል ልናገር። አባታችን ከባድ ቀኖና አልጫኑበትም። ጥቂት ስግደት፣ የማለዳና የማታ ጸሎት፣ የረቡዕና የዓርብ ጾም ሰጡት። ከዚያም የወጣቱን ሕይወት በሚያውቅ አነጋገር፣ የዕለቱን ገቢ ከሰዓት በፊት ለባለቤቱ እንዲያስረክብ፣ የራሱን ድርሻ ደግሞ ወደ ቤት ሲገባ ለእናቱ እንዲሰጥ፣ መወራረጃውን ከሞባይሉ እንዲያጠፋ አዘዙት። በወደቀም ጊዜ፣ “ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ እኔ ና” አሉት። ከኃጢአት መመለስ በምኞት ብቻ አይፈጸምም። ኃጢአቱ የሚገባበትን በር አውቆ መዝጋትን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የደብረ ዳሞን ገመድ ሳላነሣ አላልፍም። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት ይህ ገዳም በገደል አናት ላይ ነው፤ መውጫውም ከጠፍር የተገመደ ገመድ ነው። ወደ ገዳሙ የወጣ ወንድ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወጪው በእጁ የሚይዘው አንድ ገመድ አለ፤ በወገቡ የሚታሰር ሌላ ጠፍር ደግሞ አለ። ይህን ሁለተኛውን ከላይ ያለው አባት ይዞ ይስበዋል። እጅህ ካልያዘ፣ እግርህ ድንጋዩን ካልረገጠ አትወጣም። ሆኖም እጅህ ቢዝል በወገብህ ያለው ጠፍር ወደ ገደል አይለቅህም። የንስሐ አባትም እንዲህ ነው። ትግሉ የእኛ ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚይዘን ግን አለ። ያለ ንስሐ አባት በራሱ ኃይል ብቻ ከኃጢአት ለመውጣት የሚታገል ወጣት፣ በወገቡ ጠፍር ሳይታሰር ገደሉን የሚወጣ ሰው ይመስላል።

ከንስሐ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር አለ። ወንዶች በ40 ቀን፣ ሴቶች በ80 ቀን ተጠምቀን ያን ዕለት ሥጋውንና ደሙን ተቀብለናል። ሕፃናት ሳለን እናቶቻችን አቅፈው ያቆርቡን ነበር። ከዚያ ጉርምስና ሲመጣ ከቅዱስ ቁርባን እንርቃለን፤ ፀጉራችን ሲሸብት ደግሞ ለመመለስ እናቅዳለን። ውጊያው እጅግ በሚበረታበት ዕድሜ መድኃኒቱን እንተወዋለን ማለት ነው። ቁርባን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ብቻ የተሰጠ አይደለም። የሚገባኝ ሲሆን እቆርባለሁ የሚል ሰው ይህን ያስብ፤ በራሱ የሚገባው ማንም የለም። በንስሐ ታጥቦ፣ ከአባቱ ጋር ተማክሮና ተዘጋጅቶ መቅረብ ግን ለሁላችን ተፈቅዷል።

ከፈውስ በኋላ የሚመጣ ሌላም ፈተና አለ፤ እርሱም ቂም ነው። ውርርዱና አረቄው ኃጢአት መሆናቸውን ሁላችን እናውቃለን። ቂም ግን የጽድቅ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ወንድሙን ያጣ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ እኅቱ የተደፈረችበት ሰው ልቡ ቢቆስል ማን ይፈርድበታል? ፍትሕን መሻት ኃጢአት አይደለም፤ እንባን አፍኖ ምንም እንዳልሆነ መምሰልም ከክርስቶስ ዘንድ አልታዘዝንም። ነገር ግን በቀል በልባችን ውስጥ ዙፋን ከተዘረጋለት፣ ጸሎታችንን ይበላል። አቡነ ዘበሰማያት በምንደግምበት ጊዜ የራሳችንን ይቅርታ ለሌላው ከምናደርገው ይቅርታ ጋር አስረን እንለምናለን። ይህን ጸሎት በየዕለቱ የሚጸልይ ሰው ቂሙን ለንስሐ አባቱ ደፍሮ ይንገር። በአንድ ቀን ላይለቀው ይችላል፤ ሙሴ ጸሊምንም ጾሩ በአንድ ቀን አልለቀቀውም። በየማለዳው ወደ እግዚአብሔር ፊት ይዞት ይምጣ፤ የሚያቀልልን እርሱ ነው።

ያ ወጣት ዛሬ ሙሉ በሙሉ ድኗል ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። እውነቱ ግን ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሁለቱንም ጊዜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዷል። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ከፈጸመ በኋላ፣ በትንሣኤ ሌሊት ከሚቆርቡት መካከል ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ አይቼዋለሁ። ከበሮውንም እንደ ገና አንሥቷል። ውጊያው ገና አላበቃም፤ እርሱ ግን የምሕረቱን ስፍራ ትቶ አልሄደም።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጠቢቡ ሰሎሞን ጻድቅ ሰባት ጊዜ ወድቆ እንደሚነሣ ነግሮናል (ምሳ. 24፥16)። የጻድቅ ምልክቱ መነሣቱ ነው። ጌታችንም እስከ መጨረሻ ለሚጸናው መዳንን ተስፋ ሰጥቷል (ማቴ. 24፥13)። ይህን የምታነብ አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ጠባይህ እስኪስተካከል፣ ልብሽ እስኪረጋጋ፣ ሥራ እስኪገኝ ወይም ጊዜው እስኪመች አትጠብቁ። ንስሐ አባት የሌላችሁ በዚህ ሳምንት ያዙ፤ ያላችሁም ከራቃችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ። በደዌው ወራት የያዘን እጅ በፈውሱ ወራትም አልተወንም። እኛም በፈወሰን ላይ እጃችንን እንዳናነሣ፣ ይልቁንም እስከ ፍጻሜ እርሱን እንድንይዝ፣ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የሙሴ ጸሊምና የአቡነ አረጋዊ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።